ለእንጨት የተገዛ ዘይት

ከፀነስኩ ጀምሮ የዓሣ ሽታ ያስጠላኛል። አዋላጇ ግን ገና ድሮ፣ በመጀመሪያው ምርመራ፣ «ዓሣ ብዪ» ብላኛለች። ሰውነት ራሱ የማይሠራው፣ ለሕፃኑ አእምሮ የሚያስፈልግ ቅባት አለ። ዓሣ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይገኛል፤ ተልባም አለው፣ ከተልባው ግን ለሕፃኑ የሚደርሰው ጥቂት ነው አለች። አባቴ አጠገቤ ቁጭ ብሎ አፍ አፏን ያያል። እናቴ እኔን ወልዳ አልተነሳችም፤ ስለዚህ እርግዝና ሲነሳ እሱ በፍርሃት ነፍስ አይቀርለትም።

አባቴ አናጺ ነው። የሚሠራበት ክፍልና ማድ ቤታችን የሚለያያቸው አንድ ግድግዳ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሾርባ መሥራቱን ማንም አይነካበትም። ሰንበት ብሎ ሆዱን ይቆርጠው ጀመር፤ እጁም ተንቀጠቀጠ፣ የሚበትነው ጨው ግማሹ መሬት ላይ ነው የሚቀረው። «ሻይ አብዝተህ ነው፤ አያት ሳትሆን ጃጀህ» እያልኩ አሾፍበታለሁ። እሱም ይስቃል።

ሰሞኑን ሾርባው ጣዕሙ አላምር አለኝ። ዛሬ ገባኝ፤ አዲስ ወንበር አዲስ ወንበር ይላል። ሳህኑን ይዤ ማድ ቤት ስገባ አባቴ በጨርቅ የተወተፈ ቆርቆሮ ከምድጃው አጠገብ ሲያነሳ ደረስኩ። የሕፃኑን አልጋ የቀባበት ዘይት ነው።

«አባዬ፣ ይሄን ነው የምታበላኝ?»

«የተልባ ዘይት ነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ? ዓሣውን እምቢ አልሽ። አዋላጇ ከተልባው የሚደርሰው ጥቂት ነው ስላለች ሁለት ሁለት ማንኪያ አደረግኩልሽ።»

ቆርቆሮውን ቀማሁት። ጽሑፉ በደረቀ ቀለም ተሸፍኗል፤ ፋቅ ፋቅ አድርጌ አነበብኩት። ቶሎ እንዲደርቅ የእርሳስ ማዕድን ተጨምሮበታል። መርዝ ነው፣ ለምግብ አይሆንም። ሆዴን በሁለት እጄ ያዝኩ፤ ልጁ ይራገጥ እንደሆነ ብጠብቅ ዝም አለብኝ።

ታክሲ ይዘን ወደ ጤና ጣቢያው ሄድን። አባቴ ቆርቆሮውን ታቅፎታል። አዋላጇ ጽሑፉን አንብባ ፊቷ ተለወጠ። አስተኝታኝ ማዳመጫውን ሆዴ ላይ አሳረፈች፣ አነሳች፣ ሌላ ቦታ አሳረፈች። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

«ልቡ በደንብ ይመታል» አለች በመጨረሻ። «ደምሽን ግን አሁኑኑ እንመረምራለን። ከወሰደች ስንት ጊዜ ሆናት፣ አባባ?»

«ይሄን ሳምንት ብቻ ነው።»

«ምክሩን የሰጠኋችሁ እኮ ከሦስት ወር በፊት ነው።»

«ያልቀመስኩትን ለልጄ አልሰጥም» አለ አባቴ፣ ኩራት ቢጤም ተሰምቶታል። «መጀመሪያ በራሴ ሞከርኩት። በየቀኑ ሁለት ማንኪያ፣ ሦስት ወር ሙሉ። ምንም አልሆንኩም።»

የቆርቆሮው መያዣ እጁ ላይ ይንኳኳል። አዋላጇ ማዳመጫውን አስቀምጣ እጁን ያዘችው።

«ይሄ እጅ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚንቀጠቀጠው?»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

«ሻዩ ነው፣ አይደል ልጄ?» አለኝ።