በዚህ ስም የተረከብነው የለም

ስልኩ በጮኸ ቁጥር ድንቡሼ ትሸሻለች። እናቷና አክስቷ የሚሠሩበት ላውንደሪ ስልክ ነው፤ ባንኮኒው ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ይውላል። አንዱ ኮቴ ደረሰ ወይ ይላል፣ ሌላዋ መጋረጃዬ ተጨማዶ መጣ ብላ ትቆጣለች። ድንቡሼ ግን ጥሪውን ስትሰማ አንሶላ የምታጥፍ መስላ ወደ ጓዳ ትገባለች፤ እዚያ የማጠቢያዎቹ ጩኸት ሰው የሚለውን ሁሉ ይውጠዋል። የምትጠብቀውን ነገር አጥብቃ የምትሸሽ ልጅ ናት፤ ፍርሃት እንዲህ ያደርጋል።

ድንቡሼ ያለቻት አክስቷ ናት። በተወለደች ሰሞን ክንዷ ላይ የተደራረበውን ሥጋ አይታ ነው ያወጣችላት። ያ ሥጋ የት እንደገባ እንጃ፣ ዛሬ ልጅቷ እንደ ልብስ መስቀያ ቀጥናለች፤ ስሙ ግን አልከሳም። የመዝገብ ስሟ የሚኖረው ትምህርት ቤት ነው፤ እስከ ዛሬ ቤት ገብቶ አያውቅም።

ያመለከተችበት ኮሌጅ እንደተቀበላት ካወቀች ቆይታለች። ያ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ በውጤታቸው ለበለጡ ጥቂት ልጆች የሚሰጠው ነፃ የትምህርት ዕድል ነው። ለተመረጡት ለራሳቸው ብቻ በስልክ ይነገራቸዋል፤ እስከ ዓርብ ሥራ መውጫ ድረስ በራሱ አንደበት «እቀበላለሁ» ያላለ፣ ዕድሉ ለተጠባባቂ ያልፋል። እናቷ ደግሞ ነገር ማለባበስ አታውቅበትም።

«ካገኘሽው እሰየው» ብላታለች። «ካላገኘሽው ግን መንገድ ላይ የምታቋርጪውን ትምህርት አላስጀምርሽም። እዚሁ ከእኔ ጋር ካውያ ትይዣለሽ።»

ካውያው ያሳደጋት ነው፤ አትንቀውም። የሚያስፈራት ወለሉ ነው። መተኮሻው ጠረጴዛ ሥር፣ እናቷ ዘመኗን ሙሉ የቆመችበት ቦታ በሁለት እግር ልክ ጎድጉዷል። አንድ ቀን ማንም ሳያያት እዚያ ላይ ቆማ ነበር። ልክክ አለላት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም።

ለኮሌጁ የላውንደሪውን ቁጥር የሰጠችውም ፈርታ ነው። የእሷ ስልክ አመለኛ ነው፤ ሲያሻው ይበራል፣ ሲያሻው ይጠፋል። ለአክስቷ ደግሞ ትንፍሽ አላለችም። አክስቷ ደግ ናት፤ ነገር ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ከእሷ አፍ የወጣ ደግሞ አፋፉንም ተሻግሮ ነው የሚያድረው። ዕድሉ ባይመጣ፣ ሸሚዝ ሊቀበል የመጣ ሁሉ «አይዞሽ» ሊላት ነው። ስለዚህ ማታ ማታ፣ ምንም እንዳልመሰላት ሆና ብቻ ትጠይቃለች።

«ለእኔ የደወለ አለ?»

«ለአንቺ ማን ደውሎ ያውቃል? ወይስ ጉድ አለ?» ትላታለች አክስቷ እየሳቀች።

ሳምንቱ በዚህ አለቀና ዓርብ መጣ። ጠዋቱም ምሳውም አለፈ። ተስፋ ቆርጣለች፤ አልመረጡኝም ብላለች። ከሰዓት በኋላ አንሶላ ታቅፋ ከጓዳ ስትወጣ አክስቷ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ለእናቷ ታወራለች።

«ያቺ ሴትዮ ዛሬም ደወለች።»

«የቷ ሴትዮ?» አለች እናቷ ከካውያው ቀና ሳትል።

«ልብሷ የጠፋባት ናታ! ትናንትም ደውላ ነበር። ትሕትናዋስ! ግን ምን ዋጋ አለው፣ የምትፈልገውን አታውቀውም። ኮት ነው ቀሚስ እላታለሁ፣ ዝም። ቀለሙስ እላታለሁ፣ ጭራሽ ትስቃለች። ስሙን ይዤ መስቀያውን አንድ በአንድ አገላበጥኩት። በዚህ ስም የተረከብነው የለም እመቤቴ፣ ምናልባት ሌላ ላውንደሪ ይሆናል አልኳት።»

«በማን ስም?»

አክስቷ ስሙን ጠራችው፤ የልጅቷን የመዝገብ ስም፣ አንዲት ፊደል ሳታጎድል።

አንሶላው ከድንቡሼ እጅ ወደቀ። እናቷ ካውያውን ሸሚዙ ላይ እንዳሳረፈች ደርቃ ቀረች፤ የሰው ሸሚዝ አቃጥላ የማታውቀው ሴት፣ ጭሱ ፊቷ ላይ ሲመጣ ነው የነቃችው።

«እትዬ» አለች፣ «ምን አደረግሽ? እሷኮ ናት!»

«ማን?»

«ድንቡሼ! የትምህርት ቤት ስሟ ነውኮ!»

አክስቷ ልጅቷን አየቻት፣ መስቀያውን አየችው፣ እንደገና ልጅቷን አየቻት። ሃያ ምናምን ዓመት እዚያ ባንኮኒ ጀርባ ስትቆም፣ ለእሷ ስም ማለት ልብስ ነው። ሰው ስሙን ሲነግራት ዓይኗ የሚሄደው ወደ መስቀያው እንጂ ወደ ሰው አይደለም።

«ውይ በሞትኩት!» አለች፤ እውነት ልትሞት የደረሰች ይመስል ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ድንቡሼ ስልኩን አነሳችው፤ በቃሏ የያዘችውን የኮሌጁን ቁጥር መታች። ጠራ። ማንም አያነሳም። ደግማ ደወለች፤ ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ። ውጭ መንገዱ ላይ ሰው ከሥራ እየወጣ ነው፤ ታክሲ ይጠራል፣ ይሳሳቃል። ከዚያ ሁሉ ሰው አንዱ ያቺ ሴትዮ ብትሆንስ? ቢሮዋን ቆልፋ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ቤቷ ብትሄድስ? ሳታስበው ዓይኗ ወደ ጎደጎደው ወለል ሄደ።

ሦስተኛው ላይ ተነሳ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ የምዝገባ ክፍል ነው። ማን ልበል?»

ከአፏ የወጣው ቃል አንድ ብቻ ነበር።

«ድንቡሼ።»

«አቤት?»

«ድንቡሼ ነኝ» አለችና ዓይኗን ጨፈነች። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲሁም ጤዛ ነሽ! ይሄኔ ትዘጋባታለች። ያለ የሌለ ጉልበቷን ሰብስባ ትክክለኛ ስሟን ተናገረች፤ ለራሷ ጆሮ እንኳን የተዋሰችው መሰላት።

በወዲያኛው ጫፍ ወረቀት ሲገላበጥ ተሰማ።

«ላውንደሪው ነው?» አለች የምዝገባ ክፍሏ ጸሐፊ።

«አዎ።»

«ኮት ነሽ ቀሚስ?»

ድንቡሼ መሳቅ አልቻለችም። ማልቀስም አልቻለችም።

«ካልተገኘች ጠዋቱኑ ለተጠባባቂው ደውዪ ተብዬ ነበር» አለች ጸሐፊዋ። «ግን ስልኩን የሚያነሱት እናት መጀመሪያ ሌላ ላውንደሪ ይሆናል ቢሉኝም፣ ‹ሰው አምኖ የሰጠንን ጥለን አናውቅም፣ እስከ ማታ ታገሽኝ፣ ደግሜ ልፈልግ› አሉኝ። በእኛ እጅ ጠፍታ ከሆነም እንክሳለን አሉ። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ይዘጋበታል? ሲጠራ ሰምቼ ከደረጃው ነው የተመለስኩት። በይ፣ ትቀበያለሽ?»

«እቀበላለሁ» አለች። ጎላ አድርጋ ደገመችው።

ስልኩ ሲዘጋ እናቷ የተቃጠለውን ሸሚዝ ፊቷ ላይ አድርጋ እያለቀሰች ነበር። አክስቷ ግን ከባንኮኒው ጀርባ ቆማ፣ እንደ ተማሪ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች የልጅቷን ስም ታጠናለች። ዳግመኛ ሊያመልጣት አልፈለገችም።

ሥራ ሥራ ነውና ድንቡሼ የወደቀውን አንሶላ አነሳች፤ ጀርባዋን ሰጥታ ማጠፍ ጀመረች። ፍርሃቷ የሄደ መስሏት ነበር፤ እሱ ግን ቦታ ነው የቀየረው። የምትሄድበትን ግቢ አሰበች፤ ረጃጅም መተላለፊያ፣ የማታውቃቸው ሰዎች።

ከኋላዋ አክስቷ አንድ ስም ጠራች፤ ጥርት አድርጋ፣ በኩራት። መልስ የለም። ደግማ ጠራች።

ድንቡሼ አንሶላውን እያጠፈች ነው። የደንበኛ ስም መስሏት፣ ባለቤቱ አቤት እስኪል ትጠብቃለች።