በየምሽቱ ለልጄ የማነበው

ደራሲዋ እስካሁን አምስት የገና መጻሕፍት ጽፋለች። አምስቱም ባለ ሥዕል፣ አምስቱም ቤት የሚመቱ፣ አምስቱም ለትንንሽ ልጆች ጮክ ተብለው የሚነበቡ ናቸው። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ «ስጦታ» ከ«ደስታ» ጋር ሠላሳ ስድስት ጊዜ ተጋብተዋል፤ «ኮከብ» ከ«ቤተሰብ»፣ «ገና» ከ«ጤና» ጋር ጎጆ ከወጡ ቆይተዋል። አንዳቸውም ሲጣሉ ተሰምተው አያውቁም።

ይህ የደራሲዋ ስንፍና እንዳይመስላችሁ፤ የአሳታሚው ቤት ደንብ ነው። መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት አሥር ልጆች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ይነበብላቸዋል። አንባቢዋ የስንኙን የመጨረሻ ቃል ትታ ዝም ስትል ልጆቹ ራሳቸው መጮኽ አለባቸው። ከአሥሩ ሦስቱ ያልገመቱት ቃል ይባረራል። እንዲህ እየተባረረ እየተባረረ፣ በመጨረሻ ኮት መስቀያ እንኳ የሚገምተው ግጥም ይወለዳል። ደራሲዋ አንድ ሰሞን «ጀንበር» የምትል ቃል ላስገባ ብላ ሦስት ቀን ተሟግታ ነበር። ጀንበር ወጣች፣ በቦታዋ ደስታ ገባች፣ ሁሉም ደስ አለው።

በየመጽሐፉ ጀርባ ላይ አንድ ፎቶ አለ። ደራሲዋ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ሕፃን ልጇን ታቅፋ፣ አፏን ከፍታ ታነባለች። ከፎቶው ሥር «በየምሽቱ ለልጄ የማነበው» ይላል። ፎቶው የተነሣው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሕፃኗም፣ በደንብ ላየ ሰው፣ ተኝታለች።

እውነቱን ለመናገር ደራሲዋ ለልጇ ሁለት ጊዜ አንብባላታለች። በሁለተኛው ልጅቷ የገጹን ጥግ በላችው። ከዚያ በኋላ ጊዜ ጠፋ። ገና ሊደርስ ሰባት ሳምንት ሲቀረው ደራሲዋ ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች፤ በየትምህርት ቤቱ፣ በየቤተ መጻሕፍቱ፣ በየሆስፒታሉ የሕፃናት ክፍል፣ አንድ ጊዜም በባንክ ቅርንጫፍ ምረቃ ላይ አንብባለች። የቀሩትን ወራት ደግሞ በሯን ዘግታ ስጦታን ከደስታ ጋር ታጋባለች። ፖስተሩ «የልጆች ሁሉ እናት» ይላታል። «ሁሉ» ከተባለ ቤት ያለችውም መቆጠሯ አይቀርም፤ ያቺን የሚያስተኛት ግን አባቷ ነው።

አባትየው ሊፍት ጠጋኝ ነው። ቀኑን ሙሉ በሰው ፎቅ ሲወጣና ሲወርድ ይውልና፣ ማታ እጁን ታጥቦ ከእነዚያ መጻሕፍት አንዱን ይዞ ወደ ልጁ መኝታ ይገባል። ደራሲዋ ቤት በምትሆንባቸው ጥቂት ምሽቶች በዝግ በር በኩል የድምፁን ጉምጉምታ እየሰማች ልቧ ቅቤ ይጠጣ ነበር። ምን እንደሚል አይለይም። ጠጋ ብላም አላዳመጠችም፤ የራሷን ግጥም ምን ብላ ታዳምጥ!

ዘንድሮ የአሳታሚው የሽያጭ ኃላፊ፣ ቁጭ ብላ አውርታ የማታውቅ ሴት፣ አንድ ሐሳብ ይዛ መጣች።

«ልጅሽ አምስት ዓመቷ አይደል? ቅዳሜ መጻሕፍት መደብር ስታነቢ ጭንሽ ላይ ትቀመጥና የመጨረሻዎቹን ቃላት እሷ ትሙላ። ካሜራ አለ። ወላጅ በሙሉ ያለቅሳል፣ እመኚኝ።»

«እሷማ ሁሉንም በቃሏ ታውቀዋለች» አለች ደራሲዋ፣ አፏን ሞልታ።

ለዚህ ቅዳሜ የጓጓችው ከሽያጭ ኃላፊዋ የበለጠ ደራሲዋ ነበረች። ያ የጀርባው ጽሑፍ ለዓመታት ሲቆረቁራት ኖሯል። ልጅቷ ግጥሙን በሰው ፊት ብትወጣው፣ አንባቢው ማንም ይሁን ማን፣ እናትየዋ በቃላቷ በኩል በየምሽቱ አልጋዋ አጠገብ ነበረች ማለት ነው። ውሸቱ ውሸት መሆኑ ይቀራል። በዚህ ስሌት ራሷን አሳምና ጨርሳለች።

ዋዜማውን፣ ባሏ ሳህን ሲያጥብ፣ ለማረጋገጥ ያህል ጠየቀችው።

«‹ቀይ ሻርፕ ያደረገችው አህያ›ን ታውቀዋለች አይደል?»

«መጽሐፉን? ገጽ በገጽ ነዋ» አለ፣ ከሳህኑ ቀና ሳይል። ከዚያ ሌላ ነገር ሊጨምር ሁለት ጊዜ አፉን ከፈተ፤ ስልኳም ሁለት ጊዜ ጮኸ። በሦስተኛው ተስፋ ቆርጦ ብርጭቆዎቹን ያለቀልቅ ጀመር።

ቅዳሜ ጠዋት መጻሕፍት መደብሩ ጢም ብሏል። ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው ወላጆች ስልካቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ቆመዋል፤ ከጣሪያው የተንጠለጠለው የካርቶን ኮከብ የካሜራ ባለሙያው አናት ላይ ሁለት ጊዜ ወድቋል። አባትየው የሦስቱንም ካፖርት ታቅፎ ከምግብ አሠራር መጻሕፍት መደርደሪያ ሥር ተጠግቷል። ልጅቷ የሚያሳክካት አዲስ ቀሚስ ለብሳ እናቷ ጭን ላይ ጉብ ብላለች፤ ደስተኛ ናት ለማለት ያስቸግራል።

ለብዙ ልጅ የሚያነብ ሰው መጽሐፉን ወደ ራሱ አዙሮ አይዝም። ሥዕሉን ወደ ልጆቹ ያዞርና ግጥሙን በቃሉ ይለዋል። ደራሲዋ በዚህ የተካነች ናት፤ ከልምዷ የተነሣ የገዛ መጽሐፏን ሥዕሎች ካየች አራት ዓመት አልፏታል። ገጹን ገለጠች፣ ፖስተሩ ላይ ያለውን ፈገግታ አወጣችና ጀመረች።

«መብራቱ በራና ኮከቡ ደመቀ፣
ያቺ ትንሽ አህያ ልቧ በደስታ...»

ዝም አለች። ካሜራው ወደ ልጅቷ ተጠጋ።

«አልሞቃትም» አለች ልጅቷ። «በርዷታል። ለዚህ አይደል ሻርፕ ያደረገችው?»

ወላጆች ሳቁ። ደራሲዋም ሳቀች፤ ቀልድ የገባት ሰው መምሰል ታውቅበታለች። ልጅቷን ጠበቅ አድርጋ አቀፈቻትና ቀጠለች።

«ስጦታ ተጭና ዳገቱን ስትወጣ፣
ደወሉን ሰማችው፣ ገናም እየ...»

«መጣ!» ብለው ሠላሳዎቹ ጮኹ።

«እማዬ፣ ዘለልሽ» አለች ልጅቷ።

«ምን ዘለልኩ?»

«ሴትዮዋን።»

«የቷን ሴትዮ?»

ልጅቷ ከእናቷ ጭን ተንሸራታ ወረደች፣ ከመጽሐፉ ፊት ቆመችና ጣቷን የገጹ ጥግ ላይ አሳረፈች። «ይቺን።»

ደራሲዋ መጽሐፉን ወደ ራሷ ማዞር ግድ ሆነባት። እውነትም ጥጉ ላይ አውራ ጣት የምታህል ሴት አለች፤ ቢጫ ጃንጥላ ይዛ፣ ቦርሳ አንግታ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ትሄዳለች። አንድ እግሯ ከገጹ ወጥቷል። ያኔ ትዝ አላት። ሠዓሊው በሠራው ሥዕል ሁሉ ጥግ ላይ አንድ ሂያጅ ሰው የማስገባት ልማድ ነበረው። «ግጥሜ ውስጥ የሌለች ሴት ምን ትሠራለች?» ብላ ተቆጥታው ነበር። «የልጁን ዓይን ይዛ ወደሚቀጥለው ገጽ ትሻገራለች፤ ሥራዋ ይኸው ነው» አላት። ሠዓሊ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላል ብላ ተወችው።

«የአህያዋ እናት ናት» ብላ ልጅቷ ለተሰበሰቡት አስረዳች።

«የአህያ እናት ሰው ናት እንዴ?» አለ ከፊት የተቀመጠ መነጽራም ልጅ።

«እዚህ መጽሐፍ ላይ አዎ።»

መነጽራሙ አሰበበትና ተቀበለ። «ወዴት ነው የምትሄደው?»

«ሥራ። ለሌሎች አህዮች ልታነብ።»

ከወላጆች መሀል አንዱ ጮክ ብሎ ሳቀ፤ ብቻውን መሆኑን ሲያውቅ አቆመ። ደራሲዋ ክው አለች። የሽያጭ ኃላፊዋ ከካሜራው ጎን ሆና በእጇ ቀጥሉ ቀጥሉ ትላለች፤ ለእናትየዋ ይሁን ለልጅቷ፣ አይታወቅም። ደራሲዋ ሦስተኛውን ስንኝ ጀመረች። ቃሉን ትታ ዝም ስትል የሞላላት አልነበረም። ሠላሳው ልጅ በጉልበቱ እየዳኸ ወደ መጽሐፉ ቀርቦ ነበር፤ የሚፈልገውም ቃል ሳይሆን ሴትዮዋን ነበር።

ሴትዮዋም በየገጹ አለች። እዚህ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ እዚያ አውቶቡስ ስትሳፈር፣ በሌላው ደግሞ ጃንጥላዋ ብቻ። ልጅቷ ገጹን እየገለጠች ትተርካለች። አህያዋ በየቤቱ እያንኳኳች «እናቴን አያችኋት?» ብላ ትጠይቃለች፤ ሁሉም «ውይ፣ አሁን ወጣች!» ይሏታል።

«ስጦታዎቹስ የማን ናቸው?» አለች አንዲት ባለ ሹሩባ።

«የእናቷ ናቸው። ስለማትደርስባት በዙ። እዪ፣ እዚህ ጋ ሁለት ነበሩ፣ አሁን ሰባት ሆኑ።»

ሰባት ነበሩ። ደራሲዋ ስጦታዎቹ በየገጹ የሚጨምሩት ደስታ እየጨመረ ስለሚሄድ ነው ብላ ታምን ነበር።

ቀና ብላ ባሏን ፈለገችው። ካፖርቶቹን እስከ አገጩ ታቅፎ ጣሪያውን ይመለከታል፤ ያ ቤት ሊፍት የለውም። መጀመሪያ ደሟ ፈላ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ስንኟን አላነበበም! በዚያ በር በኩል ልቧን ቅቤ ያጠጣው ጉምጉምታ የእሷ ግጥም አልነበረም። ከሥራው በኋላ ደክሞት፣ ሥዕሉን ብቻ እያየ፣ የመጣለትን ነው ሲያወራ የኖረው። ንዴቱ ግን ብዙ አልቆየላትም። የመጣለት ነገር ምን እንደሆነ እየሰማች ነው። አፈረች፤ በዚያ ሁሉ ስልክ ፊት እስከ ጆሮዋ ቀላች።

የሽያጭ ኃላፊዋ ጎንበስ ብላ በጆሮዋ «ይሄ እኮ የከርሞው መጽሐፍ ነው!» አለቻት። «ቤት እንዲመታ ብቻ አድርጊው!»

ልጅቷ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። አህያዋ ብርሃን ከሚታይበት በር ፊት ቆማለች፤ ስጦታዎቹ ከእሷ ይረዝማሉ። ልጆቹ ጥጎቹን አራቱንም ፈለጉ። ሴትዮዋ የለችም። ለሠዓሊው ነገሩ ቀላል ነው፤ የሚሻገሩበት ገጽ ስላለቀ ሂያጅ አላስፈለገውም።

«የታለች?» አለ መነጽራሙ።

«የለችም። አባዬ ‹ነገ ትመጣለች› ይላል።»

«ነገ መቼ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሁልጊዜ ነገ ነው የሚለው» አለች ልጅቷ። ከዚያ ክፋት በሌለው ጣት እናቷን አመለከተች። «እሷን ጠይቋት።»

ሠላሳ ፊት ወደ ደራሲዋ ዞረ። በሕይወቷ ሙሉ ልጆች ቃል ሲሞሉላት የኖረች ሴት፣ ዛሬ እነሱ ዝም ብለው እሷን ጠበቁ።

«ዛሬ» አለች።

«ዛሬማ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤተ መጻሕፍት ታነቢያለሽ» አለቻት ልጇ። «ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል።»

የሽያጭ ኃላፊዋ ትክክል ነው ብላ ራሷን ነቀነቀች። አንዳንድ ሰው ሲፈጠርም ለማረጋገጥ ነው።

«የዘጠኝ ሰዓቱን ሰርዢው» አለቻት ደራሲዋ።

«ምን ማለትሽ ነው? ፖስተሩ በየግድግዳው ተለጥፏል፣ ፎቶሽ ያለበት!»

«እንግዲያው ፎቶዬ ያንብብላቸው።»

አውቶቡሱ ውስጥ ሦስቱም ከኋላ ወንበር ተደረደሩ፣ ልጅቷ መሀል። አውቶቡሱ ከተነሣ በኋላ አባትየው ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ግጥሙ መጥፎ ሆኖ አይደለም እኮ» አለ። «አንድ ሁለት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ግን እሷ በየገጹ ‹ይቺ ሴትዮ ማናት?› ትላለች። ግጥሙ ደግሞ ስለ ሴትዮዋ ምንም አይልም። ምን ልበላት?»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ልንገርሽ?»

ደራሲዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ትንሽ አለቀሰችና በካፖርቷ እጅጌ ጠረገችው። ልጅቷ አየቻት፣ ግን ምንም አላለችም፤ መጽሐፉን አውጥታ አባቷ ጭን ላይ ዘረጋችው።

«በል አባዬ፣ ከመጀመሪያው። አንቺ ደግሞ ዝም ብለሽ ስሚ፤ መሀል ላይ አታቁሚው።»

አባትየው ተረከ። መብራት ሲይዛቸው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ከፍ ያደርጋል። ተረኩ ቤት አይመታም፤ አንዳንዱ ቦታ እንዲያውም ወደ ሊፍት ጥገና ያዘነብላል፣ አህያዋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የቆመ ሊፍት ውስጥ ሩብ ሰዓት ትቆያለች። ደራሲዋ ግን አንዲት ቃል እንዳታመልጣት ጎንበስ ብላ ሰማች። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌም ጆሯቸውን ወደ ኋላ አዙረው ነበር።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ አባትየው እንደ ልማዱ «እናቷም...» ብሎ ጀመረና ቆመ። ቀጥሎ ምን እንደሚል ጠፋበት። ሚስቱን አየ፣ ልጁን አየ።

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞራ ከእግር እስከ ራሷ አስተዋለቻት፤ ጫማዋን፣ ቦርሳዋን፣ ያበጡ ዓይኖቿን።

«እሺ፣ ዛሬ መጥታለች በል» አለችው። «የነገውን ነገ እናያለን።»