የጋሽ ኦይታ ዋስትና

«ልጅ፣ ጥፋ! መጥተዋል» አለው ዓሣ አጥማጁ ካሱ፣ ድንኳኑ ውስጥ ለቀስተኛውን እጅ የሚያስታጥበውን ታምሩን በክርኑ ጎሸም አድርጎ።

ታምሩ ቀና ሲል ላቀውን አየው፤ የቀበሌውን ጥበቃ። ጠመንጃውን እንዳነገተ ገብቶ «እግዜር ያጥናችሁ» አለና ተቀመጠ። ውጭ መኪና ቆሟል። ሰሞኑን ጎረምሳው ሁሉ ለብሔራዊ ውትድርና እየታፈሰ ነው፤ ከሄዱትም የተመለሰ የለም።

ሁለቱ የቆየ ነገር አላቸው። ታምሩ ገና ልጅ ሳለ ጫኖ መንደር ሙዝ ሲሰርቅ ላቀው ያዘው፤ ታምሩም በገጀራ የላቀውን ጣት ቆረጠ። ያኔ ማን ይጠጋው! የገዛ አጎቱ እንኳ «አላውቀውም» አለ። ጋሽ ኦይታ ግን ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመው «ዋሱ እኔ ነኝ፤ ቢያጠፋ እኔን ያዙኝ» አሉና ዓሣ ማጥመድ ሊያስተምሩት ይዘውት ወደ ጫሞ ሐይቅ ወረዱ። መረብ ሲጠላለፍበት ልጁ ይበጣጥሰዋል። «ኧረ ቀስ! ፍታው እንጂ፣ ምን አደረገህ?» እያሉ ይስቁበታል። ሚስታቸው ልክነሽ እራቱን ታቀርብለታለች፤ ግን ለወራት ቢላዋ ትደብቅበት ነበር። ኋላ መደበቋን ተወች። አሁን ጋሽ ኦይታን ወባ በቀናት ውስጥ ወሰዳቸው።

«ዋስህ ሞተ» አለ ላቀው፣ እጁን ለውሃው ዘርግቶ። «እንግዲህ አብረን እንሄዳለን።»

የታምሩ ደም ፈላ። የድሮው ታምሩ ቢሆን በያዘው ጆግ አናቱን ይለው ነበር። ቀስ፣ አለ ለራሱ።

«መረቡ ሐይቅ ውስጥ ነው። ከታመሙ ወዲህ ያወጣው የለም። ላውጣውና እመጣለሁ፤ እትዬ ልክነሽ ሌላ ምን አላት?»

«ጫሞን ተሻግረህ ልትጠፋ? ማን ዋስ ይሆንሃል?»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። ምን ይፈረድባቸዋል፤ ሁሉም ልጅ አለው።

«እኔ» አለች ልክነሽ። ከቀብሩ ወዲህ ቃል ሲወጣት ይህ የመጀመሪያው ነው። «ካልተመለሰ እኔን እሰሩኝ።» ታምሩን ግን ቀና ብላ አላየችውም።

ሐይቁ ላይ ብቻውን ነበር። ማዶው ጭር ብሏል፤ መቅዘፍ ብቻ ነው። መሞት ፈራ፤ እንዲያውም አለቀሰ። መረቡን ጎትቶ ሲያወጣ ግማሹ ዓሣ በስብሷል። ልክነሽ ታስራ ስትሄድ ታየችውና ታንኳዋን አዞረ።

ሲመጣ ደጃፉ ላይ አገኛት። አየችውና ደረቷን መታች።

«ምነው ልጄ! ምን ልታደርግ መጣህ? እንድትጠፋ ብዬ እኮ ነው!»

«አንቺን ሊያስሩሽ?»

«ይሰሩኛ! እኔን አሮጊቷን ምን ያደርጉኛል?»

«መረቡን አጥቤ ሰቅዬዋለሁ» አላት። «ትንሽ ተቀዷል፤ ካሱ ይጠግንልሻል።»

የመኪናው ሞተር ተነሳ። «በል እንሂድ!» አለ ላቀው።

ልክነሽ የታምሩን ክንድ ያዘች፤ የተጣበቀበትን የዓሣ ቅርፊት በጥፍሯ አንድ በአንድ ታነሳለት ጀመር። ላቀው እንደገና ተጣራ። እሷ ቀና አላለችም፤ ገና ሌላኛው ክንዱ ይቀራታል።