የሽንኩርቱ መጽሐፍ አራሚ

ተናኜ ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን አስቀምጣ ያንኑ ገጽ እንደገና አነበበችው። አንደኛው ለአንድ መርጫ ውሃ ሁለት ክዳን የተባይ መድኃኒት ይላል። ሌላኛው አምስት ክዳን።

"የቱ ነው ትክክሉ?" አሉ ጋሽ ሷሊሕ። ከሮቢ ወንዝ ማዶ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬ ናቸው። አምስት የሚለው ስልክ የእሳቸው፣ ሁለት የሚለው የአማቻቸው ነው። "ወላሂ፣ መርጫውን አዝዬ ነበር። አማቼ ደርሶ እጄን ባይይዘኝ ማሳዬን አቃጥዬው ነበር።"

"ሁለት ነው።"

"መጨረሻው ላይ 'አራሚ ተናኜ' የሚለው አንቺ አይደለሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ሽንኩርት ማሳ ላይ አይተሽ ታውቂያለሽ ወይስ ወጥ ውስጥ ብቻ ነው?"

ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። መጽሐፉን የጻፉት ጡረታ የወጡት የግብርና ባለሙያ አቶ ክንፈ ናቸው። እሷ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ሥራ ስትጠብቅ ፊደል በፊደል አረመችው፤ ስትጠራጠርም ቤታቸው ድረስ እየሄደች ጠየቀቻቸው። ስሟ የሰፈረበት የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። መጽሐፉ በወረቀት አልታተመም። ገዢው ስልኩን ይዞ አሁን እነሱ ወዳሉበት ወደ ሀብታሙ ሱቅ ይመጣል፤ ፎቶኮፒ አንሺና ስልክ ጠጋኙ ሀብታሙም ይጭንለታል።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ራሷን ነው። ዓይን ይደክማል። አርማ የጨረሰችውን ቅጂ ከሱቁ ኮምፒውተር ከፈተች፤ ሁለት ክዳን ይላል። ቀጥላ ስልኩን ጠረጠረች። የቆዩ ስልኮች የአማርኛን ፊደል ወደ ባዶ ሳጥን ይለውጣሉ፤ ሁለትን ግን አምስት አያደርጉም። የአማቻቸውን ስልክ ገጽ በገጽ አየችው። የመርጫው ገጽ ደህና ነው፤ የችግኙ ምዕራፍ ላይ ግን እሷ ያልተወችው ስህተት ተቀምጧል።

ቀና አለች። ሀብታሙ አጎንብሶ ስልክ እየጠገነ ነው። ጉጠቱ እጁ ላይ ቆሟል።

"ጋሼ ሀብታሙ፣ መጽሐፉን ሲጭኑ የሚነካኩት ነገር አለ?"

"ማን ነው የጠየቀሽ?"

"እኔው ነኝ።"

ወደ ገበሬው አየት አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወዲህ አገሩ በሙሉ በብሉቱዝ ነው የሚቀባበለው። አንዱ ይገዛል፣ እስከ ካራቆሬ በነጻ ይነበባል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ገዢ አንድ ቦታ ለወጥ አድርጌ እጭናለሁ። የተሰረቀ ቅጂ ሳገኝ በስህተቱ ሌባውን አውቀዋለሁ።"

"አምስት ክዳን ያሉት እርስዎ ነዎት?"

"አንዲት ቃል እኮ ናት! ከብትስ ቢሆን ጆሮውን በስተን አይደል የምንለየው?"

"ጆሮው ስለተበሳ ወተቱ አይመረዝም።"

ወደሚጠግነው ስልክ ተመለሰ።

"አቶ ክንፈ ያውቃሉ?"

"ገበያቸውን እየጠበቅኩላቸው ነው።"

"ያውቃሉ ወይ ነው ያልኩት።"

ተናኜ ድንገት የራሷ ስልክ ትዝ አላት። መጽሐፉ እንዳለቀ "ለመታሰቢያ" ብሎ በገዛ እጁ ጭኖላታል። በቃሏ ስለምታውቀው ገልጣው አታውቅም። አሁን ገለጠችው። የማከማቻው ምዕራፍ ላይ ሽንኩርቱ በጥላ ይድረቅ የሚለው፣ በፀሐይ ይድረቅ ሆኗል።

ስልኩን አዙራ አሳየችው።

"ዋናው ፋይል አንቺም ጋ አለ" አለ፣ ፊቷን ሳያይ። "ካልጠረጠርኩ ምን ላድርግ?"

"የመርጫውን ገጽ ሌላ ሰው ላይ ነክተውታል?"

"የእሳቸውን ብቻ..." ጉጠቱን አስቀመጠ። "መሰለኝ።"

ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰች። የመጽሐፉን መጨረሻ ከፍታ ስሟ ጋ ደረሰች። ጣቷ ማጥፊያው ላይ ነው። አንድ ጊዜ ብትጫነው ከነገሩ ሁሉ ትወጣለች።

"ልጄ፣ እኔስ ጠርጥሬ መጣሁ" አሉ ጋሽ ሷሊሕ ከኋላዋ። "ያልጠረጠረውስ?"

ጣቷን አነሳች። የመርጫውን ገጽ ብቻ ከታረመው ቅጂ ለይታ አወጣች። ከግርጌው "ስልካችሁ ላይ ከዚህ የተለየ ካገኛችሁ አትርጩ፤ ደውሉልኝ" ብላ ስሟንና ስልክ ቁጥሯን ጻፈች።

"ቁጥርሽን?" አለ ሀብታሙ። "አንቺ? ሰው ሰላም ሲልሽ እንኳ መሬት መሬት የምታዪው?"

ገጹን ወደ ስልኳ ገለበጠችው። "ጋሽ ሷሊሕ፣ ብሉቱዝዎን ይክፈቱ። ሲደርስዎ ላገኙት ሁሉ ይላኩ።"

"ቆይ፣ መጀመሪያ ላንብበው" አሉ። ከእንግዲህ እሷንም አያምኗትም። አሳየቻቸው። በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። "ሁለት" አሉና ስልካቸውን አወጡ።

ተናኜ መላኪያውን ስትከፍት በአቅራቢያው ያሉት ስልኮች ስም ተደረደረ፤ የጋሽ ሷሊሕ፣ ከበሩ ውጭ የቆሙት የባጃጅ ሾፌሮች። ከሁሉም በላይ "ሀብታሙ ጥገና" የሚል አለ።

መጀመሪያ ያንን ስም ነካችው።