የጎድጓዳው ምስክርነት

ፍራሽ ሰሪው ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ጥጥ ሲፈለቅቅ ብቻውን ያወራል። ድሮ ሁለቱ በአንድ ክምር ግራና ቀኝ ተቀምጠው፣ እጃቸው ጥጡን፣ አፋቸው ደግሞ የፈጣሪን ነገር ሲፈለቅቁ ይውሉ ነበር።

«ፍራሽ ያለ ሰፊ አይገኝም፤ ዓለምም እንደዚያው» ይላል እሱ።

«ያንተን ፍራሽ አይቶ ‹ሰፊው እንከን የለውም› የሚል አለ እንዴ፣ አንተ ሰውዬ?»

«እሺ፣ ሁሉም ነገር አስገኚ አለው።»

«አስገኚውንስ ማን አስገኘው?»

«እሱማ መጀመሪያ የለውም።»

«መጀመሪያ የሌለው ነገር ካለማ፣ ዓለም ራሷ ብትሆንስ ምን ገደደህ?»

አምላክ የለም ብላ አታውቅም። «ማስረጃህ ነው ስፌቱ የሚተረተረው» ነበር የምትለው። እሱም «ቆይ፣ የማይተረተር አመጣልሻለሁ» እንዳለ በሞት ቀደመችው።

አሁን ነገሩ ጨዋታ አይደለም። ፈጣሪ ካለ አንድ ቀን ዳግም ያገኛታል፤ ከሌለ ያ ሳቋ እንደወጣ ቀረ ማለት ነው።

ሴት ልጁን ያሳሰባት ግን የአባቷ ወገብ ነው። «አባዬ፣ የሰው ፍራሽ ስታድስ የራስህ ጉድጓድ ሆነ። ዛሬ ፍታው!» ብላ፣ የመኝታ ቤቱን ፍራሽ በሱቁ ወለል ላይ ዘርግታለት ወደ ጓዳ ገባች።

የቀትር ፀሐይ በመስኮቱ ገብታለች። የጥጥ ብናኝ በብርሃኑ ውስጥ ሳይወድቅ ይንሳፈፋል፤ ክፍሉ ራሱ በዝግታ የሚተነፍስ ይመስላል። መቀሱን አንስቶ ሊተረትር ሲል፣ በሚስቱ ወገን ጎድጓዳዋን አየው፦ ትከሻዋ፣ ዳሌዋ፣ የታጠፈ ጉልበቷ። እጁን አኖረበት። ሞቅ አለው። ፀሐይዋ ትሁን ሌላ፣ አላወቀም።

«አገኘሁልሽ!» አለ። «ይኼ ጎድጓዳ ዝም ብሎ አልመጣም፤ የተኛበት ሰው አለ። እኔም ልቤ ላይ እንዲህ ያለ ጎድጓዳ አለ፤ ፈጣሪ ያረፈበት ነው።»

ብናኙ ቀስ ብሎ ዞረ። ድምጿም ከጥጡ ውስጥ የመጣ ያህል ለስልሶ፣ «ጎድጓዳው ሰው እንደነበረ ይመሰክራል፣ አንተ ሰውዬ። አሁንም መኖሩን ከየት አመጣኸው?» አለው።

ይኼም ማስረጃ ተተረተረ። ከዚያ ሳቅ መጣበት፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

ልጁ ከጓዳ ብቅ አለች። «ከማን ጋር ነው?»

«ከእናትሽ ጋር። ረታችኝ።»

«መረታት ያስቃል እንዴ?»

«ዝም ብትለኝ ነበር የማለቅሰው።»

ይህን እያለ እንባውን በጥጥ ጠረገ። መቀሱንም በራሱ ወገን አስገባ። የረጋውን ጥጥ አውጥቶ ፈለቀቀ፣ ጨመረበት፣ ከፍ አድርጎ ሰፋው። የእሷን ወገን ስፌት አልነካም።

«አባዬ! አንዱ ወገን ኮረብታ፣ ሌላው ሸለቆ! እንቅልፍ ሲወስድህ ቁልቁል ትንሸራተታለህኮ!»

«አውቃለሁ» አለ፣ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ።