ባለቤት ያጣው እሳት

ልብ ያለህ አንባቢ ሆይ፣ የሰው ልጅ ኅሊና በተፈጥሮው ርቱዕና ቅን ሆኖ ሳለ፣ በወዳጅና በጠላት መካከል እንዲፈርድ በተጠራ ጊዜ እንደ ሰከረ ዳኛ አንገቱን ወደ አንዱ ማዘንበሉ ከጥንት ጀምሮ ፈውስ ያልተገኘለት ደዌ ነው። ባላንጣው ሚስቱን ሲደበድብ የሰማ ሰው አደባባይ ወጥቶ ስለ ሰብእና ክብር ይሰብካል፤ የገዛ ወንድሙ ሲደበድብ የሰማ እንደሆነ ግን "የሰው ገመና ነው" ብሎ መስኮቱን ይዘጋል። ነገሥታትና መሳፍንትም ከዚህ ደዌ አልዳኑም፤ በእነርሱና በተራው ሰው መካከል ያለው ልዩነት፣ እነርሱ በታመሙ ጊዜ በሽታውን በነጋሪት ማስነገራቸው ብቻ ነው።

በቀደመው መዋዕል፣ ሳርሚት በምትባል ደጋማና ለምለም አገር፣ አለቃ ላእከ ማርያም የሚባሉ ድምፀ መልካም፣ ጢመ ረጅም፣ ቅኔ ዐዋቂ ዐዋጅ ነጋሪ ነበሩ። እርሳቸው ከገበያው ድንጋይ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ነጋዴ ሚዛኑን ያስቀምጣል፣ አህያም ማናፋቱን ያቆማል ይባል ነበር፤ ይህን የሚሉት ግን በአብዛኛው እርሳቸው ራሳቸው ነበሩ። በዚያ ዘመን በምሥራቅ ያለው የጎንጠር ንጉሥ፣ የሳርሚት የቆየ ባላንጣ፣ ጽድ በር የተባለችውን የገዛ ራሱን መንደር "አመፀችብኝ" ብሎ አነደዳት። የሳርሚቱ ንጉሥ ዐምደ ብርሃን ይህን በሰሙ ጊዜ ምሳቸውን አቋርጠው አለቀሱ፤ የቃላቸውንም ዐዋጅ አትመው ሰጡ፤ አለቃም በነጎድጓድ ድምፅ እንዲህ ሲሉ አሰሙ፦ "ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የጎንጠር ንጉሥ ወታደሮች ጽድ በርን አቃጠሉ፤ ሽማግሌውን ገደሉ፤ የምታጠባዋን እናት ገደሉ። ነፍስ ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት አንዲት ናት! ከዚያ እሳት ያመለጠ ሁሉ የቤቴ እንግዳ ነው፤ ጎተራዬ ይከፈትለት፤ እርሱን የገፋ እኔን ገፋ!" ገበያው በዋይታ ተናወጠ፤ ዕድሜውን ሙሉ በርበሬ ሲሰፍር አንድ ቀን ያላነባው ነጋዴ እንኳ በዚያ ቀን እንባው ጉንጩን አራሰው፤ ከጎንጠር የሸሹትም ሁሉ መጠለያና ቀለብ አገኙ።

ክረምቱ ወጥቶ አደይ እንዳበበ፣ በምዕራብ ያለው የሸለቆም ንጉሥ ደግሞ ዋርካ ሜዳ የተባለችውን የራሱን መንደር በዚያው ምክንያት፣ በዚያው አኳኋን አቃጠላት። የሸለቆም ንጉሥ ግን ለዐምደ ብርሃን ልባዊ ወዳጅ ነበረ፤ የሚቀመጡባትን ባለ ወርቅ ልጓም በቅሎም የሰጣቸው እርሱ ነው። አለቃ ላእከ ማርያም ወሬውን ሰምተው በተልባ ጉሮሯቸውን ሲያለሰልሱ ሳሉ፣ የቤተ መንግሥቱ ጸሐፌ ትእዛዝ ዘድንግል አስጠሯቸው።

"አለቃ፣ የሸለቆሙን ነገር ሰምተዋል?" አሏቸው ጸሐፌ ትእዛዙ።

"ሰምቻለሁ ጌታዬ፤ ዐዋጁንም በልቤ አሰናድቻለሁ። የሸለቆም ንጉሥ ወታደሮች ዋርካ ሜዳን…"

"ይቆዩ፣ ይቆዩ! ወታደሮቹን እዚህ ምን አመጣቸው? እሳት ተነሣ ይበሉ።"

"እሳቱንስ ማን አስነሣው?"

ጸሐፌ ትእዛዙ ፈገግ አሉ። "የቅኔ መምህር ሆነው ሳለ፣ አድራጊው በስሙ የሚጠራበትን ገቢርና አድራጊው የሚሰወርበትን ተገብሮ እኔ ላስተምርዎ? ጠላት ያቃጥላል፤ በወዳጅ አገር ግን ይቃጠላል።"

"እንዲህ ከሆነማ ጌታዬ፣ ዐረፍተ ነገሩ ባለቤት አጣ።"

"ባለቤቱ የበቅሎዋም ባለቤት ነበርና፣ ቢያጣ ይሻላል" አሉና አሰናበቷቸው።

አለቃ በመንገድ ላይ ኅሊናቸው ጎረበጣቸው፤ ነገር ግን የመምህርነት ኩራታቸው ከኅሊናቸው ይልቅ ፈጣን ነበረና፣ ከገበያው ሳይደርሱ ቃሉን አሳምረው ጨረሱት። "ስማ! በሸለቆም ምድር፣ ዋርካ ሜዳ በተባለ ስፍራ፣ እሳት ተነሣ፤ ቤት ነደደ፤ ሰውም ሞተ ተብሎ ይነገራል። ሁለቱም ወገኖች ይታገሡ!" አሉና ዋይታውን ጠበቁ። ዋይታ ግን አልመጣም። ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ፤ ከፊት የቆመ አንድ ቀጥቃጭም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "አለቃ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሁለቱ ወገኖች እነማን ናቸው? ቤቱና እሳቱ ናቸው?" ብሎ ጠየቀ። አለቃ ላእከ ማርያም ከድንጋዩ ፈጥነው ሲወርዱ የካባቸውን ዘርፍ ረግጠው ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው።

ቤታቸው ሲደርሱ የባለቤታቸው የወይዘሮ ወለተ ጻድቅ ታናሽ እኅት፣ ለዋርካ ሜዳ ሰው የተዳረችው ትርንጎ፣ ጠጉሯ በእሳት ተለብልቦ፣ እግሯ በመንገድ ቆስሎ ከምሰሶው ሥር ተቀምጣለች። አለቃ አንገታቸውን ደፍተው ሰላምታ ሰጡና ተቀመጡ፤ ብዙ ጠበቁ፤ ማዕድ ግን አልቀረበም።

"ራት የለም ወይ?" አሉ በመጨረሻ።

"ራት ተበላ" አሉ ወይዘሮ ወለተ ጻድቅ።

"ማን በላው?"

"ተበላ አልሁ እንጂ ማን በላው አላልሁም። ጠላውም ተጠጣ። የአለቃ አልጋም ወደ በረት ተወሰደ ተብሎ ይነገራል። እንግዲህ ሁለታችንም እንታገሥ።"

አለቃ ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ትርንጎ ዐይኗን ከመሬት ሳታነሣ ቀስ ብላ ተናገረች። "የባሌ ስም ምሕረቱ ነበረ፤ አለቃም ያውቁታል። የገደሉትን ሰዎች መልካቸውን አይቻለሁ። አንደኛው በሠርጋችን ቀን ከድንኳናችን ገብቶ በልቷል፤ 'ውለዱ ክበዱ' ብሎ መርቆናል።" አለቃም ሳይነገራቸው ተነሥተው ወደ በረቱ ሄዱ።

ነገሩ በዚህ ቢቆም በተወደደ ነበር። ዳሩ ግን በሚቀጥለው ገበያ ዋዜማ ጸሐፌ ትእዛዝ ዘድንግል አዲስ ትእዛዝ ሰጧቸው፤ እርሱም፣ አቃጣይ በሌለበት አገር ስደተኛ ሊኖር አይገባምና፣ ከሸለቆም የገቡ ሁሉ በመጡበት እንዲመለሱ የሚል ነበር። በነጋው አለቃ ከድንጋዩ ወጡ። በስተቀኝ ጸሐፌ ትእዛዙ ከሸለቆም መልእክተኛ ጋር በምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ በስተግራ ትርንጎ ከመንደሯ ሰዎች ጋር፣ የሚነገረውን አስቀድማ እንዳወቀች ሁሉ፣ ጥቅሏን ታቅፋ ቆማለች። አለቃ ጀግና አልነበሩም፤ አዲሱን ቃል ሊያወጡት ቢታገሉም ከጉሮሯቸው እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅሮ ቀረ። ያን ጊዜ የቀደመው ዐዋጅ ሳይጠራ መጣላቸው። "ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የሸለቆም ንጉሥ ወታደሮች ዋርካ ሜዳን አቃጠሉ! ምሕረቱን ገደሉ! ነፍስ ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት አንዲት ናት! ከዚያ እሳት ያመለጠ ሁሉ የቤቴ እንግዳ ነው፤ ጎተራዬ ይከፈትለት!"

ገበያው ከቀድሞው በበለጠ አነባ፤ ቀጥሎም በእልልታና በሆታ ወደ ቤተ መንግሥቱ ጎረፈ። ንጉሥ ዐምደ ብርሃን ምን ስላደረጉ እንደሚመሰገኑ ባያውቁም፣ ምስጋና ሲመጣ ማሳለፍ ልማዳቸው አልነበረምና ከሰገነቱ ወጥተው ሕዝቡን ባረኩ፤ ምክንያቱን በተረዱ ጊዜ ጎተራው ተከፍቶ እህሉ እየተሰፈረ ነበር። የሸለቆም መልእክተኛ በቍጣ ሲወጣ በቅሎዋን ከነወርቅ ልጓሟ ነዳት። ጸሐፌ ትእዛዙም የአለቃ ምላስ ይቈረጥ ሲሉ አመለከቱ።

አለቃ በንጉሡ ፊት ወድቀው፣ "ጃንሆይ፣ ከአገሮቹና ከምሕረቱ ስም በቀር አንዲት ቃል አልጨመርሁም። ጃንሆይ ባተሙት ዐዋጅ 'ነፍስ ሁሉ' ብለዋል፤ 'ከሸለቆም በቀር' የሚል ግን ብፈልግ አጣሁ" አሉ።

ንጉሡ የራሳቸውን ቃል የደገመውን ምላስ ቢቈርጡ ቀጥሎ የማን ምላስ እንደሚሆን የገባቸው መሰሉ። በመጨረሻ አለቃን ከሹመታቸው ሻሩና በሕይወት አሰናበቷቸው፤ ንጉሡም በቅሎዋ ስለሌለች በቀጣዩ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ሄዱ። አለቃ በየደጁ ቅኔ እያስተማሩ ኖሩ፤ ትርንጎም በሳርሚት ጎጆ ቀልሳ ተቀመጠች፤ ሐዘኗን ግን ጎተራ አልሞላውም። ገዳዩ ጠላት ሲሆን ለሟች የማያለቅስ የለም፤ የሰው ልብ የሚመዘነው ገዳዩ ወዳጅ በሆነበት ዕለት ነው።