እስቲ ጨብጪኝ

ልብስ ሰፊዋ ጂም ውስጥ፣ የእግር መግፊያው ማሽን ላይ በጀርባዋ ጋደም ብላ ብረቱን በእግሯ እየገፋች ነው። ብረቱ ያው ያለፈው ሳምንት ብረት ነው፤ ምንም አልተጨመረበትም። ግን ግማሽ መንገድ እንኳ ሳይደርስ ጭኗ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ጥርሷን ብትነክስ፣ ዓይኗን ብትጨፍን፣ እግሮቿ እምቢ አሉ።

«በቃ፤ ቀስ ብለሽ መልሺው» አሉ አሰልጣኙ።

ሰፈሩ «ጋሼ ቀስታ» ይላቸዋል። ሽበታም፣ አንገተ ወፍራም ሰው ናቸው። ሕጋቸው አጭር ነው፦ በሳምንት አንድ ቀን መጥቶ፣ ሳይጣደፉና ሳያወናጭፉ፣ ጡንቻው እምቢ እስኪል ድረስ መግፋት፤ ከዚያ ቤት ገብቶ እስከ ሳምንቱ ብረት የሚባል ነገር አለመንካት። «ስትገፊ ትደክሚያለሽ፤ የምትጠነክሪው ተኝተሽ ነው» ይላሉ። ሰው ደግሞ ሁለት ደቂቃ ሠርቶ ወደ ቤት ሂድ ሲባል የተታለለ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ጂማቸው ሁልጊዜ ጭር ያለ ነው።

«ከሳምንት ሳምንት እየወረድሽ ነው» አሉ ጋሼ ቀስታ፣ ፎጣውን እያቀበሏት። «የምትደብቂኝ ነገር አለ?»

«ምንም የለም ጋሼ» አለች። ዋሸች። ከጂሙ ስትወጣ የደረጃውን መደገፊያ አጥብቃ ይዛ ነበር።

እዚህ የመጣችው ለቁንጅና አይደለም። እናቷ በእሷ ዕድሜ ሳለች ነው ጉልበት የከዳት። ከዚያ ደረጃ መውጣት ቀረ፣ ከዚያ ከወንበር መነሳት፣ ዛሬ ከአልጋ የምታነሳትና የምታስተኛት ይህችው አንድ ልጇ ናት። ሐኪሙ ያን ጊዜ «በዘር ሊተላለፍ ይችላል» ብሎ ነበር። ይህን ቃል ልብስ ሰፊዋ ለማንም ተንፍሳው አታውቅም። ራሷ ሄዳ ለመመርመርም ፈራች፤ የበሽታውን ስም እስካልሰማች ድረስ የሌለ ይመስላት ነበር። እሷ ብትወድቅ እናቷን ማን ያነሳል?

መጀመሪያ ላይ ብረቱ በየሳምንቱ ሲጨመርላት ፍርሃቷ ቀለል ብሏት ነበር። ከዚያ ግን የዕረፍቱ ቀናት አላስቀምጥ አሏት። እጄን አጣጥፌ ስቀመጥ በሽታው ቢቀድመኝስ? እናም እናቷ ሳትነቃ፣ ጎህ ሲቀድ፣ የስፌት ክፍሏን በር ዘግታ፣ ጥቅል ጨርቅ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ቁጭ ብድግ ማለት ጀመረች፤ እግሯ እምቢ እስኪል፣ በየቀኑ። ደከመች። በሽታው መጣብኝ ብላ ጨመረች። በጨመረች ቁጥር ይብስ ደከመች። መቀሱ ከእጇ ሲወድቅ ደግሞ ልቧ አብሮት ወደቀ።

እናቷ ማታ ማታ ከመተኛቷ በፊት «እስቲ ጨብጪኝ» የምትለው ነገር አላት። ልጅቷ የእናትነት ፍቅር ነው ብላ እጇን ትሰጣታለች። በዚያ ሳምንት ግን እናት የልጇን እጅ ይዛ ብዙ ቆየችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልጅቷም ምን ሆነሽ ብላ ለመጠየቅ አልደፈረችም።

በማግስቱ ጠዋት እናቷን አቅፋ ከአልጋ ልታነሳት ስትል ጉልበቷ ከዳት። ተያይዘው አልጋው ላይ ወደቁ።

«ጎህ ሲቀድ ወለሉን የምታንቋቂው አንቺ ነሽ?» አለች እናት።

«ትሰሚኝ ነበር እማዬ?»

«እግሬ ነው እንጂ ጆሮዬ ምን ሆነ! አሰልጣኝሽ አርፊ አላለሽም?»

«ካረፍኩ የማልነሳ መሰለኝ።» እንደ ሕፃን አለቀሰች።

«በይ ተነሽና ሂጂ፤ ለሰውየው ሁሉንም ንገሪው።»

ነገረቻቸው። ጋሼ ቀስታ ሲቆጡ ያን ቀን አየች። «ሰውነትሽ የሠራውን ጠዋት ጠዋት እያፈረስሽ በምን ትጠንክሪ! አሥር ቀን ምንም እንዳትነኪ!»

«በሽታው ከሆነስ ጋሼ?»

አሰልጣኙ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ ሐኪም አይደለሁም። አርፈሽም ካልተሻለሽ እኔው ራሴ ይዤሽ እሄዳለሁ።»

እናቷን ለማንሳት ጎረቤታቸው የሆነውን አናጺ ለመነች፤ እሱም ሳይሰለች ጠዋትና ማታ ተመላለሰ። ልብስ ሰፊዋ በሕይወቷ እንደነዚያ ቀናት የፈራችበት ጊዜ የለም። ስፖርቱን ብትሠራ ኖሮ ድካሟን በእሱ ታሳብብ ነበር፤ አሁን ማሳበቢያ የላትም። በተኛችበት ጭኗን ትዳስሳለች፣ ቀለጠ እንዴ ትላለች፣ ጎህ ሲቀድ ዓይኗ ይፈጥጥና ጥቅሉን ጨርቅ ላለማየት ብርድ ልብሷን ትከናነባለች።

በአሥረኛው ቀን ማታ አናጺው እናቷን አስተኝቶ ወጣ።

«እስቲ ጨብጪኝ» አለች እናት።

«እማዬ፣ ለምንድን ነው ሁልጊዜ የምታስጨብጪኝ?»

እናት ዓይኗን ከጣሪያው አላነሳችም። «እኔን የጀመረኝ ከእጅ ነው። የማሰሮ ክዳን መክፈት አቃተኝ። ሐኪሙ ያንን ቃል ከተናገረ ጀምሮ በየማታው እለካሻለሁ። ከመውደቃችን በፊት በነበረው ማታ እጅሽ ላልቶብኝ እስኪነጋ አልተኛሁም።»

ልጅቷ እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች። ያን ሁሉ ዓመት ስትሰጥ የኖረችውን እጅ አሁን መስጠት ፈራች። እናት ግን መዳፏን ዘርግታ ጠበቀች።

ልብስ ሰፊዋ ያዘቻት። ጋሼ ቀስታ እንዳስተማሯት ሳትጣደፍ፣ ሳታወናጭፍ፣ ትንፋሿን ሳታፍን፣ ቀስ እያለች እየጨመረች ጨበጠች። የእናቷ ፊት ጭምድድ አለ። ልጅቷ ደንግጣ ልትለቅ ስትል እናት በሌላ እጇ አንጓዋን ያዘቻት።

«አመመኝ» አለች እናት፣ እንባዋ በጆሮ ግንዷ እየወረደ። «አመመኝ ልጄ። እስቲ ደግመሽ ጨብጪኝ።»